የእጣን ዛፍ የሐምሌን ዘመቻ አይጠብቅም

በየክረምቱ ችግኝ ታቅፈን ተራራ እንወጣለን። በዋግ፣ ከደሃና እስከ ሰቆጣ፣ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ቁጥሩ ለበላይ አካል ይላካል። ቁልቁል በተከዜ በረሃ፣ በአበርገሌ፣ በዝቋላና በሰሃላ ግን የዋግን ውድ ዛፍ፣ የእጣንን ዛፍ፣ ቆመን እያስጨረስን ነው። እኔን ያንገበግበኛል፤ ሌላውንስ እንዴት አያንገበግበውም?

ክረምቱ እንደወጣ የእጣን ዛፍ መድማት ይጀምራል። ልጡ ይፋቃል፣ ወተት የመሰለው ፈሳሽ ይንጠባጠባል፣ ሲደርቅ ይለቀማል፣ ያው ቁስል ደግሞ ይሰፋል። እስከ ግንቦት እንዲህ ነው። ዕረፍት ያጣ ዛፍ ፍሬው ይመክናል፤ እንደምንም የበቀለችውን ቡቃያም ከብት ይግጣታል፣ እሳት ይበላታል። በ2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን 353 ሚሊዮን ችግኝ ተተከለ ተብሎ ሲጨበጨብ፣ በዚያው ዓመት የወጣ ጥናት በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን ከታዩት የእጣን ደኖች ከ75 በመቶ በሚበልጡት ለጋ ዛፍ እንደሌለ፣ ምርቱም በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ አስጠንቅቆ ነበር። ጭብጨባውን ሁሉም ሰማ። ማስጠንቀቂያውንስ?

መላው እጃችን ላይ ነው። የእጣን ዛፍ ከቅርንጫፉ ይጸድቃል። ከጤነኛ ዛፍ፣ ቅጠሉ በረገፈበት በበጋ፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ ከሜትር እስከ ሜትር ተኩል የሚሆን ቅርንጫፍ ተቆርጦ ይተከላል። የችግኝ ተከላው ዘመቻ ሐምሌ ላይ ሲደርስ ቅርንጫፉ ቅጠል ለብሷል፤ ጊዜው አልፏል።

ደግሞ ልብ በሉ፤ ቁራጩ ሥር ሳይሰድ፣ ግንዱ ውስጥ ባለው ስንቅ ብቻ ቅጠል ሊያወጣ ይችላል። ያንን አይቶ «ጸድቋል» ብሎ ሪፖርት የሚልክ ባለሙያ ሕዝብን ይዋሻል። ቆጠራው መካሄድ ያለበት ቁራጩ በጋውን ተሻግሮ በሁለተኛው ዓመት ሲያቆጠቁጥ ነው።

ስለዚህ እጣን የማድማት ፈቃድ የያዘ ሁሉ ቅርንጫፍ ይትከል፣ ቦታውንም ከከብት ያስከልል፤ ይህን ካላደረገ ፈቃዱ አይታደስለት። የደከመው ዛፍም ለዓመታት ይረፍ። ወጣቱ ሥራ ያጣል የሚለኝ አይጠፋም። ዛፉ ካለቀ በኋላ ምን ሊያደማ ነው? ይልቅ ከእጣኑ ሽያጭ ተቀንሶ ለሚተክልበትና ለሚጠብቅበት ቀን ይከፈለው፤ ሥራውም በሚመጣው የካቲት ይጀመር።