ውሃው አይገድልም፣ ያስከፍላል

ስለ ድሬዳዋ ውሃ ሲነሳ ሁለት ዓይነት ሰው ይናገራል። አንዱ «ኩላሊት ይጨርሳል፣ ጠጠር ያመጣል» እያለ ያስፈራራል። ሌላው ደግሞ «ምንም አይልም፣ እሱን ጠጥተን አይደል እንዴ ያደግነው» ብሎ ወሬውን ይዘጋል። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ሰውነታችን ነው። ስለ ኪሳችን የሚያወራ የለም።

ከአስፈራሪው ልጀምር። ጠንካራ ውሃ ማለት ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት ውሃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይሄ ጥንካሬ በራሱ ሰውን እንደሚጎዳ የሚያሳምን ማስረጃ እንደሌለ በሰነዶቹ አስፍሯል። ሁለቱም ማዕድናት ሰውነት የሚፈልጋቸው ናቸው። የኩላሊት ጠጠር ላለበት ሰው ሐኪም ደጋግሞ የሚመክረውም ውሃ አብዝቶ መጠጣትን ነው። እንደ ድሬ ላብ በሚያንጠፈጥፍ ከተማ ሰውን ከቧንቧው አስፈራርቶ በቀን ሁለት ብርጭቆ ብቻ እንዲጠጣ ማድረግ፣ እሱ ነው ጠጠር መጥራት። (የጀርምና የብክለት ነገር ሌላ ጉዳይ ነው፣ ለብቻው መመርመር አለበት። እኔ የማወራው ስለ ኖራው ነው።)

«ምንም አይልም» ባዩ ግን የበለጠ ያናድደኛል፤ ግማሽ እውነት ይዞ ሙሉ ዝምታ ስለሚገዛበት።

ውሃው ከየት እንደሚመጣ እንይ። በሐረርጌ ደጋ የዘነበው ዝናብ ወደ መሬት ሰርጎ በኖራ ድንጋይ መሃል ያልፋል፣ ሲያልፍም ድንጋዩን እያሟሟ ይዞት ይወርዳል። ድሬዳዋ በጣሊያን ወረራ ዘመን የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለባት በዚሁ ድንጋይ ምክንያት ነው። ፋብሪካው ፈጭቶ ይሸጠዋል፣ እኛ ጋ ደግሞ ሟሙቶ በቧንቧ ይደርሳል።

አንድ ቀላል ስሌት እንስራ። የኢትዮጵያ የመጠጥ ውሃ ደረጃ ለጥንካሬ ያስቀመጠው ጣሪያ፣ በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ፣ በሊትር 300 ሚሊግራም ነው። ውሃው ልክ ጣሪያው ላይ ቢሆንና አንድ ቤት በቀን 100 ሊትር ቢጠቀም፣ በቀን 30 ግራም፣ በዓመት ወደ 11 ኪሎ የሚጠጋ የኖራ ድንጋይ በዚያ ቤት ያልፋል። ይሄ ደረጃው ሳይጣስ ነው! አብዛኛው ከእጣቢው ጋር ይሄዳል። የሚቀረው ግን የሚቀርበትን ቦታ ያውቃል፤ ውሃ የሚሞቅበት ቦታ።

ውሃው ሲሞቅ የሟሟው ኖራ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ጀበናው ውስጡ ነጭ ቅርፊት ያወጣል። የቦይለሩ ማሞቂያ ብረት በኖራ ይጀቦናል፤ ሙቀቱን ለውሃው ማስተላለፍ ሲያቅተው በራሱ ሙቀት ይቃጠላል። የሻወሩ ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ይደፈናሉ። ሳሙናው ደግሞ አረፋ ከመሆኑ በፊት ከካልሲየሙ ጋር ተጣብቆ ነጭ ዝቃጭ ይሆናል። እናት ልብስ ስታጥብ የሳሙናው የመጀመሪያ ድርሻ የሚያልቀው ከእድፉ ጋር ሳይሆን ከውሃው ጋር በመታገል ነው።

እና ይሄን ወጪ የሚከፍለው ማን ነው? አቅም ያለው ማለስለሻ መሣሪያ ያስገጥማል፣ ቦይለሩ ሲቃጠል ሌላ ይገዛል። በቁርጥ ሳሙና በእጇ የምታጥበው ሴት ግን ከገቢዋ አንጻር ከሁሉም በላይ ትከፍላለች። ደረሰኝ የላትም፣ ስለዚህ በማንም ሪፖርት ውስጥ አትገባም።

እኔ ሶፍትዌር ሰሪ ነኝ። በእኛ ሙያ አንድ ተጠቃሚ ቢቸገር ምናልባት አጠቃቀሙ አልገባው ይሆናል። ሺህ ተጠቃሚ ያንኑ የማምለጫ ዘዴ ከፈጠረ ግን ጥፋቱ የሲስተሙ ነው። ውሃ አፍልቶ፣ አቀዝቅዞና አጥልሎ ፀጉር መታጠብ፣ ማንቆርቆሪያውን በሎሚ ወይ በአቼቶ መቀቀል፣ የሻወሩን ራስ በመርፌ መውጋት፤ እነዚህን «የቤት ውስጥ ብልሃት» ብለን እናደንቃቸዋለን። ለኔ ግን እያንዳንዳቸው ምላሽ ያላገኙ አቤቱታዎች ናቸው።

«ውሃው በወጉ ሳይመጣ ስለ ጥራቱ ታወራለህ?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ መልስም አለው። ኖራው ቧንቧውንም ያጠባል። የአንድ ቧንቧ የውስጥ ስፋት በግማሽ ቢጠብ፣ በዚያው ግፊት ከቀድሞው ውሃ ሩቡ እንኳ አያልፍም። ስለዚህ «መጀመሪያ ብዛት፣ ጥራት በኋላ» የሚለው ቅደም ተከተል እዚህ ጋ አይሰራም። ጥራቱን ችላ ስንል ብዛቱንም እያነቅነው ነው።

«ተፈጥሮ ነው፣ ምን ይደረጋል» የሚለውም አያስኬድም። ኔዘርላንድስ ውስጥ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የውሃ ድርጅቶች ውሃውን እዚያው ጣቢያው ላይ ማለስለስ ጀምረዋል። ረጅም ጋን ውስጥ አሸዋ ያደርጋሉ፣ ውሃውን ከታች ወደ ላይ ይገፉታል፣ ኮስቲክ ሶዳ ወይም የኖራ ውሃ ይጨምሩበታል። ካልሲየሙ አሸዋው ላይ እየተለበጠ ትናንሽ ጠጠር ይሆናል፤ ጠጠሩንም ለፋብሪካ ይሸጡታል። ይሄን የሚያደርጉት ሰው ስለሚሞትባቸው አይደለም። ከምክንያቶቻቸው አንዱ እያንዳንዱ ቤት በሳሙናና በተበላሸ ዕቃ የሚያወጣው ገንዘብ ነው።

እነሱ ሀብታም ናቸው፣ እውነት ነው። እኛም ነገ ጠዋት ያንን እንትከል አላልኩም። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የየጉድጓዱ ወይም የየሰፈሩ ውሃ ጥንካሬ ተለክቶ ቢሉ ላይ ይጻፍ። ዳታቤዝ ውስጥ አንድ ዓምድ መጨመር ነው፣ የአንድ ከሰዓት ሥራ። ሁለተኛ፣ ምንጩ ላይ ማለስለስ ወይም ለስለስ ያለውን ጉድጓድ ከጠንካራው ጋር መቀላቀል በሜትር ኩብ ስንት እንደሚያስወጣ ተሰልቶ፣ ቤተሰቡ በሳሙና፣ በቦይለርና በታሸገ ውሃ ከሚያወጣው ጎን ለሕዝብ ይቅረብ።

ምናልባት ስሌቱ «አያዋጣም» ይል ይሆናል። ይበል። ከሚታይ ቁጥር ጋር እንከራከራለን። አሁን ግን ሂሳቡ ሳይሰራ ነው ዕዳው ወደየቤታችን የተላከው፤ ሳሙና በገዛን ቁጥርም ያንኑ ዕዳ እየከፈልን ነው።