ለብሩ መብራት፣ ለመድኃኒቱ እምነት?

ፒያሳ ወርቅ ቤት ገብታችሁ ቀለበት ልሽጥ ብትሉ ሳይፈትሽና ሳይመዝን የሚቀበላችሁ የለም። የምትከፍሉትንም ባለ 200 ብር ገልበጥ አድርጎ ያየዋል፤ ከተጠራጠረ አልትራቫዮሌት መብራት ያበራበታል። ልክ ነው፣ ገንዘቡ ነው። ታዲያ "በሻንጣ ከውጭ የመጣ ነው፣ ኦሪጅናል ነው" የተባለ የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ያለ ደረሰኝና ያለ ማሸጊያ የምንገዛው ስለምንድን ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ግምት፣ በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ከ10 የሕክምና ምርቶች 1ዱ ከደረጃ በታች ወይም ሐሰተኛ ነው።

"ቴክኖሎጂ ይፈታዋል" የሚሉ አሉ። ቴክኖሎጂው አለ። ላንታናይድ ከሚባሉ ንጥረ ነገሮች የሚሠሩ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች በዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን ሲያርፍባቸው ያበራሉ፦ ኤርቢየም ያለበት አረንጓዴና ቀይ፣ ቱሊየም ያለበት ሰማያዊ። ቅይጡን በመለዋወጥ ማሸጊያ ላይ የሚታተም ምስጢራዊ ኮድ ይሠራል። ተመራማሪዎችም በአንድ ናሙና ላይ ብዙ ምልክቶችን በአንዴ ለማየት ይጠቀሙበታል።

ግን ኮዱ መድኃኒቱን ማን እንደሠራው ቢነግረን ነው፤ መንገድ ላይ ምን እንደደረሰበት አይነግረንም። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ አለበት። ሻንጣ ውስጥ ሙቀት የመታው ኢንሱሊን ኮዱ እውነተኛ ቢሆንም አቅሙ ሊደክም ይችላል።

"ርካሽ ነው" አትበሉኝ። መድኃኒቱ ሐሰተኛ ሲሆን ግፊቱ አይወርድም፤ ሐኪሙ ሌላ ይጨምራል፤ በሽተኛው "በትክክል አልወሰድክም" ተብሎ ይወቀሳል። መጨረሻው ስትሮክ ሊሆን ይችላል።

ሰው ወደ ሻንጣ ነጋዴ የሚሄደው ብዙ ጊዜ ፋርማሲ "የለም" ስለሚለው መሆኑንም አውቃለሁ። ስለዚህ አቅርቦቱን የሚመሩ አካላት በሽተኛውን "ተጠንቀቅ" ብለው ብቻ ሊያልፉት አይገባም። መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ ይገኝ!

እስከዚያው እናንተ፦
✅ ፈቃድ ካለው ፋርማሲ ግዙ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ
✅ የባች ቁጥሩንና የሚያበቃበትን ቀን እዩ
✅ መድኃኒቱ ከጠፋ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ ብዙ ጊዜ ምትክ አለ
✅ ከተጠራጠራችሁ ማሸጊያውን ሳትጥሉ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ መስመር 8482 ደውሉ

ለብራችሁ የምታደርጉትን ጥንቃቄ ለሰውነታችሁም አድርጉ። መድኃኒት በየቀኑ ለሚወስዱ ወላጆቻችሁ አንብቡላቸው፣ ለወዳጆቻችሁም አጋሩ።