ሰላም በአንድ ሰው ትከሻ ብቻ አይጸናም

ታሪክን የሚሠራው ታላቅ ግለሰብ ነው ወይስ ሰፊው ሕዝብ? ይህ ጥያቄ በየውይይት መድረኩ ሲያከራክር የኖረ ነው። ጥያቄውን በባዶው ከማላመጥ ይልቅ በአንድ ተጨባጭ ምሳሌ ላይ መፈተሹ ይበጃል ብለን እናምናለን። ስለሆነም ከጦር አዛዥነት ተነሥተው ለአገር መሪነት የበቁትንና ሲዋጓቸው ከኖሩት ወገኖች ጋር ለሰላም የተደራደሩትን የቀድሞውን የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር የይስሐቅ ራቢንን ጉዳይ እንመረምራለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1922 በኢየሩሳሌም የተወለዱት ራቢን በሠራተኛው ንቅናቄ ከተሳተፉ ወላጆች የተገኙ ነበሩ። የተማሩት እርሻ፣ ምኞታቸውም የውሃ መሐንዲስ መሆን ነበር። የዘመኑ ሁኔታ ግን ጠመንጃ አስያዛቸው። በ1941 ፓልማኽ ከተባለው ተዋጊ ኃይል ገቡ፤ በ1948ቱ ጦርነትም የሐሬልን ብርጌድ መሩ። በዚሁ ጦርነት የልዳ ከተማ ፍልስጥኤማውያን ነዋሪዎች እንዲባረሩ የተላለፈው ትእዛዝ የእሳቸው ፊርማ ያረፈበት ነው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» እንዲሉ፣ የተፈናቀለው ሕዝብ በየስደተኛ ጣቢያው ቁስሉን ይዞ ኖረ። ራቢን በ1964 ኤታ ማዦር ሹም ሆኑ። በ1967 በስድስት ቀን ውጊያ ሲናን፣ ጋዛን፣ የዮርዳኖስን ወንዝ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ምሥራቅ ኢየሩሳሌምንና የጎላንን ኮረብታዎች የያዘው ሠራዊት በእሳቸው የሚመራ ነበር።

እንዲህ ያሉት የጦር ሰው እንዴት ወደ ድርድር ጠረጴዛ መጡ? አንዳንዶች መልሱን በግለሰቡ ልብ መራራት ውስጥ ይፈልጉታል። እኛ ግን መልሱ የሚገኘው በተጨባጩ ሁኔታ ውስጥ ነው እንላለን። የ1967ቱ ድል መሬት አስገኘ እንጂ ሕዝብን አላስገበረም። በ1987 መጨረሻ በጋዛና በምዕራቡ ዳርቻ የፈነዳው ሕዝባዊ አመፅ ይህንኑ አረጋገጠ። ሠራተኛው ሥራ አቆመ፤ ነጋዴው ሱቁን ዘጋ፤ በየሠፈሩ የተቋቋሙት የሕዝብ ኮሚቴዎች ቀለብ አከፋፈሉ፤ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉም ሕፃናትን በየቤቱ አስተማሩ። በወቅቱ የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ራቢን የሰጡት መልስ ዱላና እስራት ነበር። በ1988ም ኮሚቴዎቹ በሕግ ታገዱ። አመፁ ግን አልበረደም። ታንክ ታንክን ሊያሸንፍ ይችላል፤ አልገዛም ያለውን ሠፈርተኛ ግን ታንክ ሊያስተዳድረው አይችልም። ራቢን ይህን ሐቅ ሊቀበሉ የበቁት የኃይልን ወሰን ራሳቸው በተግባር ስለለኩት ነው።

ሌላውም ወገን ቢሆን በችግር የተያዘ ነበር። የፍልስጥኤም ነፃ አውጪ ድርጅት በ1990 እና በ1991 በተከሠተው የባሕረ ሰላጤ ቀውስ ወደ ኢራቅ በማዘንበሉ ከሀብታሞቹ የዓረብ አገሮች ያገኝ የነበረው ገንዘብ ተቋረጠበት። በ1991 ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስም አንድ ትልቅ ደጋፊ አጣ። በ1992 ራቢን እንደገና ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆኑ በኋላ ሁለቱ ወገኖች በኖርዌይ በምሥጢር ተነጋገሩ። በሴፕቴምበር 1993 እርስ በርስ ዕውቅና ተሰጣጡ፤ ራቢንና ያሲር አራፋትም ዋሽንግተን ላይ እጅ ለእጅ ተጨባበጡ። በኦክቶበር 1994 ደግሞ እስራኤልና ዮርዳኖስ የሰላም ውል ተፈራረሙ። የዚያ ዓመት የኖቤል የሰላም ሽልማትም ለራቢን፣ ለሺሞን ፔሬዝና ለአራፋት ተሰጠ።

የግለሰቡን ሚና ማሳነስ አይገባም። «አገሬን ለአደጋ አጋለጠ» የሚለው ክስ በጦር ሜዳ ስሙን ባልተከለ መሪ ላይ ቢሰነዘር ኖሮ ይበልጥ በከበደ ነበር። ነገር ግን ጥንካሬ የነበረው ይኸው ነገር ድክመትም ሆነ። በእስራኤል በኩል ስምምነቱ በእጅጉ የተንጠለጠለው በአንድ ሰው ተሰሚነት ላይ ነበር። በ1995 ሁለተኛው የኦስሎ ስምምነት በምክር ቤቱ የጸደቀው በ61 ድምፅ በ59 ላይ ነው። የኢየሩሳሌም፣ የስደተኞች፣ የድንበርና የሠፈራ መንደሮች ጥያቄ ለኋላ ተላለፈ። የሠፋሪዎቹ ቁጥር ማደጉን አላቆመም። ከ1993 ጀምሮ በተደጋጋሚ በተጣለው የመንገድ እገዳም ብዙ ፍልስጥኤማውያን ሠራተኞች ከሥራቸው ታገዱ። የሰላሙ ፍሬ ከሠራተኛው ማዕድ ሳይደርስ ቀረ።

ይህንኑ ክፍተት የሰላም ጠላቶች ተጠቀሙበት። በ1994 አንድ አይሁዳዊ ሠፋሪ በኬብሮን መስጊድ ውስጥ 29 ሰጋጆችን ረሸነ። ሐማስም በአውቶቡስ ተሳፋሪዎች ላይ አጥፍቶ ጠፊዎችን አሠማራ። በኢየሩሳሌም አደባባይ የራቢን ምስል የናዚ ዩኒፎርም ለብሶ ተሠራጨ። ኖቬምበር 4 ቀን 1995 ቴል አቪቭ ላይ በተደረገው ታላቅ የሰላም ሰልፍ መጨረሻ ድርድሩን የሚቃወም አንድ አይሁዳዊ አክራሪ ራቢንን በጥይት ገደለ። ከጠላት ጥይት የተረፉት ወታደር በወገን ጥይት ወደቁ።

«ራቢን ባይሞቱ ኖሮ ሰላም ይወርድ ነበር» የሚሉ አሉ። ይህን ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። ነገር ግን የአንድ ሰው ደረት ሲበሳ አብሮ የሚበሳ ሰላም መሠረቱ ጽኑ እንዳልነበረ ጥያቄው ራሱ ይመሰክራል። ሁለቱን ውሎች እናነጻጽር። ከዮርዳኖስ ጋር የተደረገው ውል ድንበሩንና የውሃ ድርሻውን በግልጽ የደነገገ ነው። በመሆኑም ራቢን በ1995፣ ንጉሥ ሑሴን በ1999 ቢሞቱም ውሉ አልፈረሰም። ከፍልስጥኤማውያን ጋር የተደረገው ግን ዋና ዋናዎቹን ጥያቄዎች ለነገ አሳድሮ ነበርና፣ ያ ነገ ሳይመጣ ዓመታት አለፉ፤ ደምም ደጋግሞ ፈሰሰ።

ከዚህ የምንቀስመው ትምህርት ግልጽ ነው። የትናንት ጠላትን እጅ ለመጨበጥ የሚደፍር መሪ ሊመሰገን ይገባዋል። ሰላምን የሚያጸናው ግን ውሉን ያወቀው፣ ጥቅሙንም በኑሮው ያየው ሕዝብ ነው። የሠፈር ማኅበርተኛውም ሆነ የፋብሪካው ሠራተኛ ሰላም ከላይ ሲታወጅ አጨብጭቦ መበተን ሳይሆን፣ ምን ተፈረመ? ምንስ ለነገ ተላለፈ? ማንስ ተጎዳ? ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ለጦርነት ብቻ አይደለም። አንድን ሰው በሁለት ጥይት መግደል ይቻላል፤ ሕዝብ የያዘውን ሰላም ግን አይቻልም።