የሚዝገው ቢላ ይሻላል



ስለ ምግብና ጤና ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የምንጠያየቀው ምን እንብላ፣ ምንስ እንተው በሚለው ላይ ነው። ምግቡን የምንቆርጥበት ቢላ ግን የሚያስታውሰው የለም። የሚታወሰው አረፋ ሲደርስ፣ ያውም በጉ ከታሰረ በኋላ ነው።

ነጌሌ ቦረናም ሆነ ያቤሎ፣ ፊልቱም ሆነ ሞያሌ ገበያ ብንወጣ ሁለት ዓይነት ቢላ እናገኛለን። አንደኛው ከውጭ የመጣ፣ ባለ ፕላስቲክ እጀታ፣ የሚያብረቀርቅ ቢላ ነው። ሁለተኛው ብረት ቀጥቃጭ በእጁ የሠራው፣ መልኩ ጠቆር ያለ፣ እጀታው ከእንጨት ወይም ከቀንድ የሆነ ቢላ ነው። የብዙዎቻችን እጅ የሚዘረጋው ወደ መጀመሪያው ነው። ምክንያታችንም «ያኛው ይዝጋል» የሚል ነው። እኔ ግን ኑሮውን ቆጥቦ ለሚመራ ቤተሰብ የሚዝገው ቢላ ይሻላል እላለሁ።

ነገሩን ከብረቱ እንጀምር። ለቢላ የሚሆን ጥሩ የካርቦን ብረት በውስጡ ከ0.5 እስከ 1 በመቶ የሚደርስ ካርቦን አለው። ብረቱ በእሳት ግሎ ወዲያው ውሃ ወይም ዘይት ውስጥ ሲነከር ጠንክሮ ስለት እንዲይዝ የሚያደርገው ይህ ካርቦን ነው። የማይዝገው ብረት ደግሞ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም የተቀላቀለበት ነው። እንግሊዛዊው ሃሪ ብሬርሊ በ1913 እ.ኤ.አ. በሼፊልድ ከተማ ይህን ዓይነት ብረት ከሠራ ወዲህ በዓለም ኩሽና ሁሉ ገብቷል። ጥሩው ጥሩ ነው፤ ዋጋው ግን ውድ ነው። በርካሽ የሚሸጠው አብዛኛው ካርቦኑ አነስተኛ፣ ብረቱም ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይደንዛል።

ዝገት የሚታይ ጉድለት በመሆኑ እንፈራዋለን። የደነዘ ስለት ግን ሳይታይ ይጎዳል። ዱልዱም ቢላ የያዘች እናት በኃይል ትጫናለች፤ ያን ጊዜ ቢላው ከሽንኩርቱ ላይ ተንሸራቶ ጣቷን ያገኛል። ለእርዱ እንስሳም ስቃይ ነው። ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) አራጅ ቢላውን እንዲስልና እንስሳውን ከስቃይ እንዲያሳርፍ ያስተማሩት ትምህርት በሰሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። ስለዚህ ስለት የሃይማኖታችንም ጉዳይ ነው።

ታዲያ ስንገዛ ምን እንመልከት? በመጀመሪያ ብረቱ ከምን እንደተሠራ ሠሪውን እንጠይቅ። ከመኪና ባሌስትራ ወይም ካረጀ ሞረድ የተሠራ ከሆነ መልካም ነው፤ ሁለቱም በቂ ካርቦን አላቸው። ከቤት መሥሪያ ፌሮ የተሠራው ግን የቱንም ያህል ቢቀጠቀጥ ስለት አይዝም፤ ካርቦኑ ጥቂት ነውና። በመርካቶ ምናለሽ ተራ ከሚሸጠው የቁርጥራጭ ብረት ዕቃ ሲገዛም ጥያቄው ይኸው ነው። ማግኔት መያዙን እንደ ማረጋገጫ የሚቆጥሩ አሉ፤ ብዙዎቹ የማይዝጉ ቢላዎችም በማግኔት ስለሚያዙ አያስተማምንም።

ሁለተኛ፣ በስለቱ ጫፍ ላይ ሞረድ ቀስ ብለን እናሳርፍ። ሞረዱ በቀላሉ ሰርስሮ ከገባ ብረቱ አልጠነከረም። እንደ ጠርሙስ ጨርሶ ካንሸራተተው ደግሞ ከመጠን በላይ ስለጠነከረ ሊሰበር ይችላል። ጥቂት ያዝ የሚያደርገውን እንምረጥ። ሦስተኛ፣ ለሁሉም ሥራ የሚሆን ቢላ የስለቱ ርዝመት ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ቋንጣ ለመዘልዘልም፣ ሶማሌዎች ኦድካ ለሚሉት ሥጋ ለመክተፍም፣ ለሽንኩርትም ያገለግላል። ግመል ለማረድ ግን ረጅምና ሹል የሆነ ሌላ ቢላ ያስፈልጋል። አራተኛ፣ ብረቱና እጀታው የሚገናኙበት ቦታ ክፍተት እንዳይኖረው እንይ። በዚያ ክፍተት የሚቀር ደምና ስብ የጀርም መራቢያ ነው።

የሚዝግ ቢላ መግዛት ኃላፊነትም አለው። ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ሽንኩርት ከቆረጥንበት በኋላ ወዲያው ታጥቦ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፤ ሳፋ ውስጥ ተነክሮ አይደር። ሲቀመጥ ዘይት በነካ ጨርቅ ስስ አድርጎ ማበስ ይበቃል። በአገልግሎት ብዛት የሚመጣው ግራጫ መልክ ጉዳት የለውም። ቀይ ዝገት ከታየ በአመድ ፈትጎ ማጠብ ነው። በበጋ የቆላው አየር ደረቅ በመሆኑ ያግዘናል፤ ቦረናዎች ጋና በሚሉት ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ዝናብ ወቅት ግን ጥንቃቄው ይጨምር። ይህን ለማድረግ ጊዜ የሌለው ቤተሰብ የማይዝገውን ቢገዛ አይወቀስም፤ ቶሎ ቶሎ መሳሉን ግን አይርሳ።

ለመሳል ደቃቅ ቅንጣት ያለው ድንጋይ ይበቃል። የቢላው ወርድ 4 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጀርባውን ከድንጋዩ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ በሁለቱም በኩል እኩል መሳብ ነው። ድንጋይ ከጠፋ የቡና ስኒን ገልብጠን፣ በሥሩ ያለውን ሸካራ ቀለበት መጠቀም እንችላለን። በኤሌክትሪክ መሳያ በደረቁ ማስሞረድ ግን አይመከርም። ብረቱ ግሎ ሰማያዊ ቀለም ካወጣ ጥንካሬውን አጥቷል ማለት ነው። በእርድ ቀን ደግሞ ቢላው እንስሳው ፊት ሳይሆን አስቀድሞ ይሳል።

ከጤና አንጻር ሁለት ነገር እናክል። ጥሬ ሥጋ የቆረጠ ቢላ በሙቅ ውሃና በሳሙና ሳይታጠብ ሰላጣ አይቁረጥበት። ሌላው መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ነው። በሽታውን የሚያመጣው ዝገቱ ራሱ አይደለም፤ በአፈርና በከብት ፍግ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። በከብት አካባቢ የሚውል ቢላ የሚያብረቀርቅም ቢሆን ይህን ጀርም ሊይዝ ይችላል። ቢላ የቆረጠው ሰው ቁስሉን በንጹሕ ውሃና በሳሙና አጥቦ ስለ ክትባቱ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

በመጨረሻ ስለ ሠሪው አንድ ቃል። በሀገራችን በብዙ ቦታ ብረት ቀጥቃጭን ቡዳ ብሎ መስደብና ከእርሱ ጋር አለመጋባት የቆየ ልማድ ነው። በቦረናም ቱምቱ የሚባሉት ብረት ሠሪዎች እንዲሁ ተለይተው ኖረዋል። ቢላውን ለእርድ፣ ለድግስና ለልጆቻችን ምግብ እየተጠቀምንበት ሠሪውን መናቅ ምን ዓይነት ፍትሕ ነው? ቁርኣን አላህ (ሱ.ወ.) ለነብዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ብረትን እንዳለዘበላቸው ይነግረናል። ነብይ የሠሩት ሙያ የሚያሳፍር ሊሆን አይችልም። ዋጋ ስንከራከርም የወናፉን ድካምና የእሳቱን ግለት እናስብ። ከሠሪው የገዛነው ቢላ ቢጎድል ተመልሰን የምናሳድስበት ሰው በከተማችን አለ፤ ከውጭ ለመጣው ግን ይህ የለም።

ስለዚህ የሚቀጥለው አረፋ ከመድረሱ በፊት አንድ ደህና ቢላና አንድ መሳያ ድንጋይ እናዘጋጅ፤ ልጆቻችንንም መሳል እናስተምር። አላህ ቤታችንን ከአደጋ ይጠብቅልን። ወላሁ አዕለም።