ወደ ሊጉ የሚያስገባው በር የትኛው ነው?

ሐረር ተቀምጦ የፕሪምየር ሊግ ጨዋታ በዓይኑ ማየት የፈለገ ሰው ሚኒባስ ይይዝና ደንገጎን ወርዶ ድሬዳዋ ይገባል። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐረር ቢራ በሊጉ በነበረበት ጊዜ ግን ሊጉ ራሱ ወደኛ ይመጣ ነበር። ዛሬ የለንም። «መቼ እንመለሳለን?» የሚለው ክርክር ካፌ ውስጥ አያልቅም። እኛ ግን ከሱ በፊት ሌላ ጥያቄ አለን። ሊግ አዲስ አባል የሚቀበለው በምን መለኪያ ነው?

አሜሪካኖቹን እንይ። የዩኒቨርሲቲ ስፖርታቸው በማኅበራት የተከፋፈለ ሲሆን፣ አዲስ አባል የሚሆነው ያሸነፈ ሳይሆን ነባሮቹ ድምፅ ሰጥተው የጋበዙት ነው። ዋናው ሚዛን የቴሌቪዥን ገንዘብ ሆኗል። በ2024 እ.ኤ.አ. በፓስፊክ ዳርቻ ያለው ስታንፎርድ የአትላንቲክ ዳርቻ ማኅበር አባል ሆነ። የዳላሱ ሳውዘርን ሜቶዲስት ደግሞ ለመግባት ሲል የዘጠኝ ዓመት የቴሌቪዥን ድርሻውን ተወ። ጥሎሽ ማለት ይሄ ነው!

እኛ ጋ ነገሩ ቀላል ይመስላል። ከከፍተኛ ሊግ ያሸነፈ ይወጣል፣ ታች የቀረ ይወርዳል። ግን ሁሌም እንደዚያ አልሆነም። በ2013 ዓ.ም. መቐለ 70 እንደርታ፣ ስሑል ሽረና ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ በጦርነቱ ምክንያት ከሊጉ ውጭ ሆኑ። ቦታቸውን ለመሙላት ሐዋሳ ላይ ልዩ ውድድር ተደረገ፤ አዳማ፣ ወልቂጤና ጅማ አባ ጅፋር በዚያ ተረፉ። በ2017 ዓ.ም. ሦስቱ የትግራይ ክለቦች በውሳኔ ተመለሱ። መመለሳቸው ተገቢ ነው እንላለን፤ ያስወጣቸው ጦርነት እንጂ ሽንፈት አይደለም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ማን በምን መለኪያ እንደሚገባ አስቀድሞ ተጽፎ መቀመጥ አለበት። ያለ መለኪያ የተሰጠ ወንበር ያለ መለኪያ ይነጠቃልና።

ሁለተኛው በር ገንዘብ ነው። በ2013 ዓ.ም. የሊጉ የቴሌቪዥን መብት ለአምስት ዓመት በ68 ሚሊዮን ዶላር ለዲኤስቲቪ ተሸጠ። በዚያው ዓመት ጨዋታዎቹ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ተራ በተራ ተካሄዱ። ካሜራ የሚመጥን ሜዳ ያለው ከተማ አስተናገደ፤ ሌላው በቴሌቪዥን አየ።

ሦስተኛው ደግሞ የኛው ኪስ ነው። አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚኖሩት በከተማ ወይም በክልል በጀት ነው። ስለዚህ ሐረርም ነገ ተነስታ ተጫዋች ገዝታ፣ ደሞዝ ቆልላ ልትገባ ትችላለች። ባጀቱ ሲያልቅ ደግሞ ትወርዳለች። የቧንቧ ውሃ በወረፋ ለሚጠብቅ ሕዝብ ይሄን «ኩራት ነው» ብሎ መንገር ይከብዳል።

እኛ የምንለው ይሄ ነው። ክልሉ ክለብ ከማቋቋሙ በፊት ሦስት ነገር ለሕዝብ ያሳውቅ፦ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ፣ ከጀጎል ውስጥና ከጀጎል ውጭ ስንት ታዳጊ እንደሚያሠለጥን፣ ኢማም አህመድ ስታዲየም ምን እንደሚጎድለው። ሊጉም የመግቢያና የመመለሻ ደንቡን ውድድር ሳይጀመር ያውጣ። የጀጎልን አምስት ጥንታዊ በሮች ሁሉም ሰው በስማቸው ያውቃቸዋል፤ የሊጉም በር እንደ ፈላና በር የታወቀ ይሁን። አምስት ዓመት ቢፈጅብንም፣ ዘግይተን ገብተን ብንቆይ ይሻለናል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?