ኮሊንስ ኢንጄራ፦ በምሥራቅ አፍሪካ ራግቢ እንጀራ ይሆናል?

የኬንያ የሰባት ተጫዋቾች ራግቢ ብሔራዊ ቡድን በ2016 ሚያዝያ ወር ሲንጋፖር ላይ ለፍጻሜ ሲቀርብ፣ ያሸንፋል ብሎ የገመተ ጥቂት ነበር። ተጋጣሚው ፊጂ ነው፤ ከአራት ወራት በኋላ በሪዮ ኦሊምፒክ በዚሁ ስፖርት ለአገሩ የመጀመሪያውን የወርቅ ሜዳሊያ ያስገኘው ቡድን። ኬንያ ግን 30 ለ 7 አሸነፈች። በዓለም አቀፉ የራግቢ ሰቨንስ ተከታታይ ውድድር ዋንጫ ስታነሳም ይህ የመጀመሪያዋ ሆነ።

በዚያ ፍጻሜ ሁለት ጊዜ ያስቆጠረው ኮሊንስ ኢንጄራ በቀጣዩ ወር ለንደን ላይ ሌላ ታሪክ ጻፈ። በውድድሩ ታሪክ ብዙ ‘ትራይ’ በማስቆጠር ክብረ ወሰኑን ይዞ የቆየውን አርጀንቲናዊ ሳንቲያጎ ጎሜዝ ኮራን በለጠ። የአርጀንቲናዊው አሃዝ 230 ነበር። ትራይ ማለት ኳሷን ከተጋጣሚ የጎል መስመር አሻግሮ መሬት በማስነካት የሚገኝ አምስት ነጥብ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተጫዋቹ ስም አማርኛ ተናጋሪን ፈገግ ማሰኘቱ አይቀርም። መመሳሰሉ ግን የድምፅ ብቻ ነው፤ ኬንያዊው የቤተሰብ ስም ከጤፍም ከምጣድም ዝምድና የለውም። ይሁንና በአማርኛ እንጀራ መተዳደሪያም ማለት በመሆኑ፣ የዚህን ሰው የስፖርት ሕይወት ለሚመረምር ሰው አንድ ጥያቄ ይነሳል። በምሥራቅ አፍሪካ ራግቢ እንጀራ ሊሆን ይችላል ወይ? የኢንጄራና የትውልዱ ታሪክ የሚሰጠው መልስ ‘አዎ፤ ግን በአንድ ክር ላይ የተንጠለጠለ’ የሚል ነው።

ከቅኝ ገዢዎች ጨዋታ ወደ አፍሪካውያን ክለብ

ራግቢ ወደ ኬንያ የገባው ከብሪታኒያ ቅኝ አገዛዝ ጋር ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ በ1909 ሞምባሳ ውስጥ መካሄዱ ይነገራል። ለአሥርት ዓመታትም የሰፋሪዎች፣ የባለ ሥልጣናትና የእነርሱ ልጆች የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ጨዋታ ሆኖ ቆየ። የምሥራቅ አፍሪካ የራግቢ ማኅበር በ1953 ሲቋቋም፣ ናይሮቢ ንጎንግ መንገድ ላይ ያለው ሜዳ የጨዋታው ማዕከል ሆነ።

ከነጻነት በኋላ ኬንያውያን ተማሪዎች ጨዋታውን በትምህርት ቤቶችና በዩኒቨርሲቲ እየለመዱ መጡ። በ1970ዎቹ መገባደጃ የተመሠረተው ምዋምባ የተሰኘው ክለብ የዚህ ለውጥ ምልክት ነው። ስሙ በስዋሂሊ ‘ዐለት’ ማለት ሲሆን፣ ክለቡን ያቋቋሙት አፍሪካውያን ተጫዋቾች ራሳቸው ናቸው። ኢንጄራም ታላቅ ወንድሙ ሃምፍሪ ካያንጌም የምዋምባ ልጆች ናቸው።

ኢንጄራ በ1986 ተወልዶ ለብሔራዊ ቡድኑ በ2006 ተሰለፈ። በ2008/09 የውድድር ዘመን ከዓለም ተጫዋቾች ሁሉ ብዙ ትራይ በማስቆጠር በአንደኝነት አጠናቀቀ። በዚያው ዓመት ዱባይ ላይ በተካሄደው የሰቨንስ ዓለም ዋንጫ ኬንያ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰች። ከአራት ዓመት በኋላም በሞስኮ ይህንኑ ደገመችው። ኢንጄራ በሪዮም በቶኪዮም ኦሊምፒክ ተሰልፎ፣ በተከታታይ ውድድሩ 279 ትራይ አስመዝግቦ ጫማውን ሰቀለ። እንግሊዛዊው ዳን ኖርተን ክብረ ወሰኑን በ2017 ቢረከበውም፣ የኬንያዊው ስም ከምንጊዜም ታላላቅ አስቆጣሪዎች ተርታ አልወጣም።

ለምን ሰባት?

በዓለም ላይ የራግቢ ገንዘብ ያለው በአሥራ አምስት ተጫዋቾች በሚካሄደው ጨዋታ ነው። ራግቢ ዩኒየን እስከ ነሐሴ 1995 ድረስ በይፋ የአማተሮች ስፖርት ነበር። ክፍያ ከተፈቀደ ወዲህ ግን የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝና የጃፓን ክለቦች ትልቅ የተጫዋቾች ገበያ ፈጥረዋል። ኬንያ በዚህ ጨዋታ እስካሁን ለዓለም ዋንጫ አልበቃችም። አሥራ አምስቱ ጨዋታ ከባድና ግዙፍ የፊት መስመር ተጫዋቾችን፣ ልዩ የጡንቻ ሥልጠናን፣ ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ ጠንካራ ሊግንና በርካታ የሕክምና ባለሙያዎችን ይጠይቃል። እነዚህ ሁሉ ወጪ ናቸው።

የሰባቱ ጨዋታ ሌላ ነው። በዚያው ሰፊ ሜዳ ላይ ከግማሽ ያነሱ ተጫዋቾች ስለሚሰለፉ፣ ክፍተቱ ለፈጣንና ለማይደክም ሯጭ ያመቻል። አንድ ጨዋታ 14 ደቂቃ ብቻ ይፈጃል፤ ቡድኑ ግን በሁለት ቀን ውስጥ አምስትና ስድስት ጊዜ ሊገጥም ይችላል። አሥራ ሁለት ያህል ጥሩ ተጫዋቾች ያሏት አገር ከኃያላን ጋር ትፎካከራለች። ናይሮቢ ከ1996 ጀምሮ የምታስተናግደው ሳፋሪ ሰቨንስም ጨዋታውን ከትምህርት ቤት አጥር አውጥቶ የከተማ ድግስ አድርጎታል። በ2009 ጨዋታው ወደ ኦሊምፒክ እንዲገባ ሲወሰን ደግሞ ለመንግሥታትም የሜዳሊያ ተስፋ ሆነ።

ለኬንያ በሩን የከፈተው ይኸው የጨዋታው ጠባይ ነው። የችግሩም ሥር እዚሁ ይገኛል። ሰቨንስ በዋናነት የብሔራዊ ቡድኖች ጨዋታ በመሆኑ፣ ጎበዝ ተጫዋች ከአንዱ ክለብ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ዋጋውን የሚያሳድግበት ሰፊ ገበያ አልተፈጠረለትም።

አንድ ቀጣሪ

የረጅም ርቀት ሯጭን ለንጽጽር ማንሳት ይቻላል። ኢትዮጵያዊት ወይም ኬንያዊት ማራቶን ሯጭ ከፌዴሬሽኗ ጋር ብትጋጭ እንኳ የቦስተን፣ የለንደን ወይም የዱባይ ጎዳና ይጠብቃታል። ሽልማቱ የሚከፈላት በግሏ ላስመዘገበችው ውጤት ነው። የኬንያ ሰቨንስ ተጫዋች ግን ችሎታው የሚታየው በቡድን ውስጥ ነው፤ ቡድኑም አንድ ነው፤ ኮንትራቱን የሚሰጠው የኬንያ ራግቢ ዩኒየንም አንድ ነው።

የአገር ውስጥ ክለቦች ይህንን ክፍተት በከፊል ብቻ ይሞላሉ። በቅርብ ዓመታት የአገሪቱን ዋንጫ ሲፈራረቁበት የቆዩት ሁለቱ ክለቦች የማን ድጋፍ እንዳላቸው ማየት ይበቃል። ኬሲቢ የባንክ ቡድን ነው፤ ካብራስ ደግሞ በምዕራብ ኬንያ የሚገኝ የስኳር ፋብሪካ ቡድን። ከጀርባቸው እንዲህ ያለ ድርጅት የሌላቸው ነባር ክለቦች በአባላት መዋጮና በአነስተኛ ስፖንሰር ይኖራሉ፤ ተጫዋቾቻቸውም ብዙዎቹ ቀን ሌላ ሥራ ይሠራሉ።

እናም ዩኒየኑ ገንዘብ ሲያጣ ጉዳቱ በቀጥታ ተጫዋቹ ላይ ያርፋል። በ2018 መጀመሪያ የሆነው ይህንን ያሳያል። የኬንያ መንግሥት በውርርድ ኩባንያዎች ላይ የጣለውን ግብር ወደ 35 በመቶ ሲያሳድግ፣ ስፖርትፔሳ የተባለው አወራራጅ ድርጅት ራግቢን ጨምሮ በአገር ውስጥ ለስፖርት ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ ሰረዘ። በግብር ሕግ ላይ የተደረገ ለውጥ የብሔራዊ ቡድኑን በጀት በአንድ ጊዜ አናጋው።

የሚያስገርመው ቡድኑ በዚያው የውድድር ዘመን ድንቅ ብቃት ላይ መገኘቱ ነው። ቫንኩቨርና ሆንግ ኮንግ ላይ ለፍጻሜ ቀርቦ ሁለቱንም ጊዜ በፊጂ ተሸንፏል። በሰኔ ወር ፓሪስ ላይ ግን ተጫዋቾቹ ክፍያ ዘገየብን በማለት በማልያቸው ላይ የነበረውን የስፖንሰር አርማ ሸፍነው ወደ ሜዳ ገቡ። ባለ ሥልጣናት የአገር ገጽታ ተበላሸ ብለው ተቆጡ። ለተጫዋቾቹ ግን ማልያው በእጃቸው ያለ ብቸኛው የመደራደሪያ መሣሪያ ነበር። ሌላ ቀጣሪ የሌለው ሠራተኛ ‘ጥዬ እሄዳለሁ’ ብሎ ማስፈራራት አይችልም።

በቀጣዩ የውድድር ዘመን በኮንትራት ውዝግብ ምክንያት በርካታ ነባር ተጫዋቾች ከቡድኑ ራቁ። በወጣቶች የተዋቀረው ቡድንም ከመውረድ የተረፈው ለጥቂት ነው። ችግሩ ታክሞ አልዳነም፤ በ2023 ግንቦት ለንደን ላይ በካናዳ 12 ለ 7 ተሸንፎ ለረጅም ዓመታት ከቆየበት የከፍተኛው ደረጃ ውድድር ወረደ።

የፊጂ መንገድ

ነገሩ በድህነት ብቻ የሚተረጎም ቢሆን ፊጂም ተመሳሳይ ዕጣ በገጠማት ነበር። ፊጂ የሕዝቧ ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን በታች የሆነ ደሴታማ አገር ናት። ልዩነቱ ለተጫዋቾቿ ሁለተኛ በር መኖሩ ነው። በሪዮ ወርቅ ያጠለቁት ጆሱዋ ቱይሶቫና ሊዮኔ ናካራዋ በአውሮፓ ታላላቅ ክለቦች የአሥራ አምስቱን ጨዋታ ተጫውተው ኖረዋል። ከ2022 ወዲህ ደግሞ የፊጂ ድሩዋ ቡድን ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ ክለቦች ጋር በሱፐር ራግቢ ይወዳደራል። ሰቨንስ ለፊጂ ወጣት መታያ ሲሆን፣ መተዳደሪያው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ይህ መንገድም ያለ ዋጋ አይደለም፤ ምርጦቹ ሲሄዱ የአገር ውስጥ ሊግ ይሳሳል፤ ለብሔራዊ ቡድን ማስለቀቅም ከክለቦች ጋር ያነታርካል። ቢሆንም ተጫዋቹ ምርጫ አለው።

ከምሥራቅ አፍሪካ ይህንን በር ያንኳኩ አልጠፉም። ዩጋንዳዊው ፊሊፕ ዎኮራች በፈረንሳይ ዝቅተኛ ሊጎች ተጫውቷል። ኬንያዊው ዳንኤል አዶንጎ ደግሞ ከራግቢ ወደ አሜሪካ ፉትቦል ተሻግሮ በ2013 ኢንዲያናፖሊስ ኮልትስን ተቀላቀለ። ሆኖም እነዚህ የግለሰቦች ዕድል ናቸው እንጂ የተዘረጋ መስመር አይደሉም። የኬንያ የአሥራ አምስት ተጫዋቾች ቡድን በ2014 በደቡብ አፍሪካው ቮዳኮም ካፕ፣ በ2022 ደግሞ በከሪ ካፕ ሁለተኛ እርከን መሳተፉ መስመሩን ለመዘርጋት የተደረጉ ሙከራዎች ነበሩ። ሁለቱም ግን ዓመት ከዓመት የሚቀጥሉ አልሆኑም።

ጫማ ከተሰቀለ በኋላ

የራግቢ ተጫዋች ዕድሜ አጭር ነው። ጉልበት፣ ትከሻና ጭንቅላት የሚቀበሉት ግጭት ከሠላሳዎቹ መጀመሪያ በኋላ ብዙዎችን ከሜዳ ያስወጣል። ኢንጄራ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ በከፍተኛ ደረጃ መቆየቱም ያልተለመደ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ኑሮ ግን በትራይ ብዛት አይወሰንም።

ወንድሙ ካያንጌ በ2021 በዓለም ራግቢ የክብር መዝገብ ስሙ የሰፈረ የመጀመሪያው ኬንያዊ ሆኗል፤ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ለመሆንም በቅቷል። በ2015 ዚምባብዌ ላይ በመጨረሻው ደቂቃ ባስቆጠራት ትራይ ኬንያን ለሪዮ ያበቃው ዴኒስ ኦምባቺ ደግሞ ከባይፖላር የአእምሮ ሕመም ጋር መኖሩን በአደባባይ ተናግሮ፣ ዛሬ በማኅበራዊ ሚዲያ በሚያቀርባቸው የምግብ አሠራር ቪዲዮዎች በሚሊዮኖች ይታወቃል። ሁለቱም አዲሱን ሕይወታቸውን የገነቡት በራሳቸው ጥረት ነው።

ሌላው ገጽታ የቤንጃሚን አዪምባ ነው። የሲንጋፖሩን ዋንጫ ያስገኘው ይህ አሠልጣኝና የቀድሞ አምበል በ2021 ግንቦት በ44 ዓመቱ አረፈ። ጽኑ ወባ ታሞ በነበረበት ጊዜ ቤተሰቡ ለሕክምናው ወጪ የሕዝብን እርዳታ ለመጠየቅ ተገዶ ነበር። በአገሪቱ ስፖርት ታሪክ ከታላላቆቹ ድሎች አንዱን የመራ ሰው፣ በሕመሙ ጊዜ ከደጋፊዎች መዋጮ የተሻለ ዋስትና አልነበረውም።

ቡድኑ ተመለሰ፤ ጥያቄውስ?

ኬንያ በ2024 ማድሪድ ላይ የማጣሪያ ውድድሩን አልፋ ወደ ከፍተኛው ደረጃ ተመልሳ ነበር፤ በፓሪስ ኦሊምፒክም ዘጠነኛ ሆና አጠናቃለች። በቶኪዮም ያገኘችው ደረጃ ይኸው ነበር። ችሎታው እንዳልጠፋ ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

ያልተመለሰው ጥያቄ ችሎታውን ማን፣ በምን ዋስትና እንደሚያኖረው ነው። ለዚህም ከሜዳ ውጪ የሚሠሩ ቢያንስ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው የአንድ ስፖንሰር መውጣት የማያፈርሰው፣ ከውድድር ዘመኑ በፊት በጀት የተያዘለት የበርካታ ዓመታት ኮንትራት ነው። ሁለተኛው ከተጫዋችነት ዘመን በላይ የሚዘልቅ የሕክምናና የጡረታ ሽፋን ነው። ሦስተኛውና ከባዱ ወደ አሥራ አምስቱ ጨዋታና ወደ ውጭ ክለቦች የሚያደርስ ቋሚ መስመር ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ኬንያ ብቻዋን ልትፈጽማቸው ትችላለች፤ ሦስተኛው የዓለም አቀፉን የራግቢ አስተዳደርና የሀብታም ሊጎችን ትብብር ይጠይቃል።

ጉዳዩ የኬንያ ብቻ አይደለም። ዩጋንዳ በ2018ና በ2022 የሰቨንስ ዓለም ዋንጫ ተሳትፋለች፤ የኬንያ ሴቶች ቡድንም በሪዮና በቶኪዮ ኦሊምፒክ ታይቷል። ኢንጄራ ኳስ ይዞ ሲሮጥ እያዩ ያደጉ ልጆች ዛሬ በናይሮቢ፣ በካካሜጋና በካምፓላ የትምህርት ቤት ሜዳዎች ይለማመዳሉ። ወላጆቻቸው ትምህርቱን ትቶ ኳሱን ይያዝ ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ የንጎንግ መንገዱ ዩኒየን በፊርማ የሚያረጋግጥላቸው መልስ እስካሁን በእጁ የለም።