ስብሰባ በሰው ብዛት አይመዘንም

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ አገራችን በገባ ጊዜ በፒያሳ አጠገብ የነበረው የአትክልት ተራ የጅምላ ገበያ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ጃን ሜዳ ደግሞ የጥምቀት በዓል ማክበሪያ ነውና እንዲለቀቅ በማስፈለጉ ገበያው በ2013 ዓ.ም. እንደ ገና ተነሥቶ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፥ ኃይሌ ጋርመንት በሚባለው ሰፈር ወደ ተዘጋጀለት ስፍራ ሄደ። በገበያ ቲማቲም በሳጥን ሲመዘን የባዶው ሳጥን ክብደት እንደሚቀነስ የማያውቅ ሻጭም ገዢም የለም። ሳጥኑን እንደ ቲማቲም ቈጥሮ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ቢገኝ ተሸካሚው ሳይቀር ይስቅበታል።

ስብሰባ ስናደርግ ግን በዚያው ሰፈርም ሆነ በሌላው፥ የምንመዝነው ሳጥኑን ነው። ሪፖርቱ ስንት ሰው እንደ ተገኘ፥ ከዚህም ውስጥ ስንቱ ሴት፥ ስንቱ ወጣት እንደ ሆነ፥ ውይይቱ ስንት ሰዓት እንደ ፈጀ ይዘረዝራል፤ በመጨረሻም «ሰፊ ውይይት ተደርጎ የጋራ መግባባት ላይ ተደርሷል» በማለት ይዘጋል። ማን ምን ብሎ ተቃወመ? ተቃውሞው ምን መልስ አገኘ? ከውይይቱ በፊት የነበረው ዕቅድ ከውይይቱ በኋላ በምን ተለየ? እነዚህን የሚነግረን የለም። እኔ ራሴ በሥራዬ ምክንያት ብዙ ቃለ ጉባኤ የጻፍሁና ያነበብሁ ሰው ስለ ሆንሁ፥ ከነዚህ ወረቀቶች መካከል ብዙዎቹ ቀኑና የሰብሳቢው ስም ቢለወጥ ለማንኛውም ስብሰባ ሊያገለግሉ የሚችሉ መሆናቸውን ለመናገር አልፈራም።

ስሙን በማልጠቅሰው በአንድ አዳራሽ ውስጥ ስለ ገበያ መዛወር ንግግር ሲደረግ አንዲት ዕድሜያቸው የገፋ ቸርቻሪ ተነሥተው፥ ዕቃው የሚራገፈው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከሆነ እርሳቸውን የመሰለ ሰው በዚያ ሰዓት በምን መጓጓዣ እንደሚደርስ ጠየቁ። ሰብሳቢው በትሕትና፥ «እናቴ፥ ጥያቄዎን ይዘነዋል» አላቸው። ሴትዮዋም ሳይቀመጡ፥ «ልጄ፥ መያዙንስ ያዛችሁት፤ መቼ ነው የምትመልሱልኝ?» አሉት። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ ሰብሳቢውም ሳቀ፤ ወዲያውም ዕድሉ ለሌላ ተናጋሪ ተሰጠ። በቃለ ጉባኤው ላይ የተጻፈው «ተሳታፊዎች ልዩ ልዩ ሐሳቦችን አንሥተው ከመድረክ ማብራሪያ ተሰጥቷል» የሚል ነበር። በዚያ ቀን በአዳራሹ ውስጥ ከተነገረው ሁሉ ጠንካራው ነገር የሴትዮዋ ጥያቄ ነበር፤ በወረቀቱ ላይ ግን ዘጠኝ ሰዓትም የለም፥ መጓጓዣም የለም፥ ሴትዮዋም ከተሰብሳቢው ቍጥር ውስጥ አንዲት ብቻ ሆነው ቀርተዋል።

ይህ ልማድ ትናንት የተጀመረ አይደለም። በሰኔ ወር 1978 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት 120 አንቀጽ ያለውን የሕገ መንግሥት ረቂቅ በ1 ሚሊዮን ቅጂ አሳትሞ ለሕዝብ አቀረበ። ሁለት ወር በሚያህል ጊዜ ውስጥ ረቂቁ በ25,000 ያህል ስፍራዎች ውይይት እንደ ተደረገበት ተነገረ። በመንግሥቱ ግምት ከሕዝቡ የቀረበው የማሻሻያ ሐሳብ 500,000 ደረሰ። በነሐሴ አርቃቂው ኮሚሽን እንደ ገና ተሰብስቦ የተቀበለው ማሻሻያ 95 ነበር፤ ከዚህም ውስጥ አብዛኛው የቃላት መልክ ማሳመር እንጂ የአሳብ ለውጥ አልነበረም። ከሁሉ ይልቅ ሕዝቡን ያነጋገረው ከአንዲት ሚስት በላይ ማግባትን የሚከለክለው ድንጋጌ ሲሆን፥ በእስላሙ ወገን ዘንድ ብርቱ ቍጣ አስነሥቶ ነበር። ስለ አገዛዙ ሥርዓት ግን፥ ማን እንደሚገዛና ማን እንደሚሽረው፥ እምብዛም ጥያቄ አልተነሣም። ለምን እንዳልተነሣ በዚያ ዘመን የነበረ አንባቢ ያውቀዋል፤ በዚያ ዘመን ያልነበረውም አባቱን ይጠይቅ። ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. ድምፅ ተሰጠ፤ ከመራጩ 96 ከመቶው እንደ ተሳተፈና ከዚህም 81 ከመቶው እንደ ደገፈ ተገለጠ። በሳጥኑ ሚዛን ከሄድን ኢትዮጵያ በታሪኳ እንዲህ ያለ ምክክር አድርጋ አታውቅም ማለት ነው! ነገር ግን ያ ሕገ መንግሥት በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከባለቤቶቹ ጋር ሲወድቅ «መክሬበታለሁና የእኔ ነው» ብሎ የተከራከረለት ሰው አልተገኘም።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ስንል፥ «ንግግር እኮ እንደ ጤፍ አይሰፈርም፤ የሐሳብን ጥራት በምን ልትለካው ነው?» ይሉናል። ይህ መልስ የሚመስል ማምለጫ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2003 ዓ.ም. ዩርግ ሽታይነር የተባለ የስዊስ ሊቅ ከባልደረቦቹ ከአንድሬ ቤክቲገር፥ ከማርኮ ሽቴንበርገንና ከማርኩስ ሽፖርንድሊ ጋር የፓርላማ ንግግሮችን ጥራት የሚለኩበት ሚዛን አበጅተው አሳተሙ። እነዚህ ሰዎች እያንዳንዱን ንግግር ለብቻው ይዘው ይጠይቁታል፤ ተናጋሪው ሳይቋረጥ ተናገረን? ለሐሳቡ ምክንያት ሰጠን፥ ወይስ «መሆን አለበት» ብሎ ብቻ ተቀመጠ? ምክንያቱ የራሱን ወገን ጥቅም ብቻ ይመለከታልን፥ ወይስ የሁሉን? የተቃራኒውን መከራከሪያ ንቆ አለፈውን፥ አክብሮ መለሰለትን? አስታራቂ ሐሳብስ አቀረበን? ለየመልሱ ቍጥር ይሰጡታል፤ ሁለት ሰዎችም ተለያይተው ያንኑ ንግግር መዝነው ቍጥራቸው መቀራረቡን ያረጋግጣሉ። አሜሪካዊው ጄምስ ፊሽኪን ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደ፤ በዕጣ የተመረጡ ሰዎችን ከውይይቱ በፊት ሐሳባቸውን ይጠይቃል፥ ማስረጃ ሰጥቶ ያወያያቸዋል፥ ከዚያ በኋላ ያንኑ ጥያቄ መልሶ ይጠይቃቸዋል። የዚህ ዓይነቱ ጉባኤ የመጀመሪያው በእንግሊዝ አገር በማንችስተር ከተማ በ1994 እ.ኤ.አ. ተደረገ። እንግዲህ መመዘን ይቻላል፤ የጐደለው መመዘን መፈለግ ነው።

ነገር ግን የስዊሶቹን ሚዛን እንዳለ አምጥተን በእኛ አዳራሽ ብንተክለው እንደምንታለል መናገር ይገባኛል። በ2002ቱ ምርጫ ከ547ቱ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች 545ቱ በገዢው ግንባርና በአጋሮቹ እጅ ገቡ፤ በ2007ቱ ደግሞ 547ቱም። እንዲህ ባለ ምክር ቤት ውስጥ ማን ማንን ያቋርጣል? ማንስ ማንን ይንቃል? አለመቋረጥንና መከባበርን ብቻ ለሚቈጥር ሰው እንዲህ ያለው ጸጥታ ከፍተኛ ማዕርግ ያገኛል! ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «በዚህ ጉዳይ የተለየ ሐሳብ ያለው ሰው በአዳራሹ ውስጥ አለን?» የሚለው ነው። መልሱ «የለም» ከሆነ ሚዛኑን ወደ ከረጢቱ መመለስ ነው፤ የሚመዘን ነገር የለምና።

ሌላም አለ። እኛ ሰምና ወርቅ የምንናገር ሕዝብ ነን። የእኛ ሰው ባለሥልጣኑን ሲቃወም አስቀድሞ ያመሰግነዋል፤ መንገዱን፥ ትምህርት ቤቱን፥ ውኃውን አንሥቶ ይመርቀዋል፤ ከዚያ በኋላ «ነገር ግን አንዳንድ…» ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ አንዲት ዐረፍተ ነገር ይጥልና ይቀመጣል። ቋንቋውን በመዝገበ ቃላት ብቻ የሚያውቅ መዛኝ ይህን ንግግር «ድጋፍ» ብሎ ይመዘግበዋል። እኛ ግን የምናውቀው ከ«ነገር ግን» በፊት ያለው ሁሉ ሳጥን እንደ ሆነ ነው። ጸሓፊዎቻችንም ያውቁታል፤ እያወቁ ምስጋናውን ይጽፉና «ነገር ግን»ን ይተዉታል። እኔ ጽሕፈት ሥራ ሆኖ ሳለ ተንኮልም ሊሆን እንደሚችል የተማርሁት ከዚህ ነው።

አባቶቻችን በዚህ ነገር ከእኛ ይበልጡ ነበር ብል የድሮ ናፋቂ እንዳልባል እፈራለሁ፤ ሆኖም እውነቱ ይነገር። በተጠየቅ ሙግት ጊዜ ተሟጋቹ «በላ ልበልሃ» ብሎ ሲነሣ ባላጋራው የተጠየቀውን ትቶ ሌላ ነገር ቢያወራ ዳኛውም ታዳሚውም ዝም አይሉትም ነበር። ስለሚናገረውም በማር፥ በበቅሎ ወይም በፈረስ ይወራረድበት ነበር፤ ዛሬ የከንቱ ጭቅጭቅ መጠሪያ የሆነው «እሰጥ አገባ» የሚለው አነጋገር እንኳ የዚያን ውርርድ ሽታ ይዟል። እርግጥ ነው፥ በዚያ ችሎት አንደበተ ርቱዕ የሆነው እውነት የያዘውን ድሀ ብዙ ጊዜ ረትቶታል። እኔ የማመሰግነው ፍርዱን ሳይሆን የተጠየቀ ሰው መመለስ ግዴታው መሆኑን ነው። በቅርቡ ታሪካችን ለዚህ የሚቀርበው በ1997 ዓ.ም. ከምርጫው በፊት በቴሌቪዥንና በራድዮ የተላለፈው የፓርቲዎች ክርክር ነው። መሬት የመንግሥት ይሁን ወይስ የግል በሚለው ጥያቄ ላይ አንዱ ምክንያት ሲሰጥ ሌላው በዚያው ምክንያት ላይ መልስ ይሰጥ ነበር፤ በየሻይ ቤቱ የተቀመጠው አድማጭም «ይህቺን አልመለሳትም» እያለ ይቈጥር ነበር። ማንም ሳያስተምረው ሕዝቡ ትክክለኛውን ሚዛን ይዞ ተገኘ። ከምርጫው በኋላ ደም መፍሰሱ የክርክሩ ጥፋት አይደለም፤ ክርክሩ የቆመበት ቦታ ላይ የተጀመረ ነውና።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር በፊታችን አለ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 1265/2014 የኢትዮጵያ ሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን ተቋቋመ። አዋጁ ከመርሆዎቹ መካከል አካታችነትን፥ ግልጽነትን፥ ተዓማኒነትንና ምክንያታዊነትን ቈጥሮአል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ተወካዮች በዐድዋ ድል መታሰቢያ ተሰብስበው አጀንዳ መስጠት ጀመሩ፤ በየካቲት 2017 ዓ.ም. ደግሞ ሦስት ዓመት ተብሎ የነበረው የኮሚሽኑ የሥራ ዘመን ተራዘመ። በነዚህ ዓመታት ለሕዝብ ሲነገር የሰነበተው በይበልጥ ስንት ወረዳ እንደ ተዳረሰ፥ ስንት ተሳታፊ እንደ ተመረጠ ነው። ይህ የአካታችነት መለኪያ ነው ቢባል እንኳ ሙሉ አይደለም፤ አንዳንድ ተቃዋሚ ፓርቲዎች ከሂደቱ ርቀው፥ በአገሪቱም አንዳንድ ክፍል ጥይት እየተተኰሰ የተደረገ ምክክር ነውና፥ ያልመጣው ሰው ከመጣው ጋር አብሮ መቈጠር ነበረበት። የምክንያታዊነቱ መለኪያስ ወዴት አለ? ከየክልሉ የተነሣው አጀንዳ ማን በምን ምክንያት እንዳቀረበው፥ ማን በምን ምክንያት እንደ ተቃወመው ተለይቶ ካልታተመ፥ 1978 ዓ.ም.ን በአዲስ ማሰሪያ ጠርዘነው እንዳይሆን እሰጋለሁ።

«ስብሰባ የሚጠራው ለግንዛቤ ማስጨበጫ ነው፤ ሁሉን ጥያቄ እንመልስ ብንል ሥራ ይቆማል» የሚሉ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ። መልካም፤ ማስታወቅ የመንግሥት ተግባር ነው። ግን ስሙ ማስታወቂያ ይባል። የጥንቱ ነጋሪት ጐሳሚ በገበያ መካከል አዋጁን ተናግሮ ሲሄድ «ሕዝቡን አወያየሁ» ብሎ አልዋሸም። የተቈረጠ ነገር ሲሆን ሕዝቡን ከሥራው አስቀርቶ፥ በአዳራሽ አስቀምጦ፥ ስሙን አስፈርሞ፥ ፊርማውን የስምምነት ማስረጃ ማድረግ ግን ሰውየው ያልሸጠውን ዕቃ እንደ ሸጠ አድርጎ ደረሰኝ መቍረጥ ነው።

እኔ የምለው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ቃለ ጉባኤው ሦስት ዓምድ ይኑረው፤ በአንደኛው ተቃውሞው ወይም ጥያቄው በተናጋሪው በራሱ ቃል ይጻፍ፤ በሁለተኛው የተሰጠው መልስ ከነምክንያቱ ይጻፍ፥ መልስ ካልተሰጠ «አልተመለሰም» ይባል፤ በሦስተኛው በዕቅዱ ላይ ምን እንደ ተለወጠ፥ ካልተለወጠም ለምን እንዳልተለወጠ ይገለጥ። ቈጣሪው ስብሰባውን የጠራው መሥሪያ ቤት አይሁን፤ ነጋዴ በራሱ ሚዛን ራሱ ብቻ ሲመዝን ማን ያምነዋል? ወረቀቱም በአዳራሹ በር ላይ ይለጠፍ፤ ሴትዮዋ መጥተው፥ ማንበብ ባይችሉ ልጃቸው አንብቦላቸው፥ የዘጠኝ ሰዓቷ ጥያቄ በየትኛው ዓምድ እንደ ቀረች ይወቁ።

መሥሪያ ቤቶች እስኪጀምሩት ድረስ መምህራን ሊቀድሟቸው ይችላሉ። በቴሌቪዥን ከሚተላለፉት የምክር ቤት ውሎዎች አንዱን ይምረጡ፤ ክፍሉን ከሁለት ይክፈሉት፤ ሁለቱ ወገኖች ሳይነጋገሩ ሦስቱን ዓምድ ይሙሉ፤ ከዚያ ወረቀቶቻቸውን ያስተያዩና የተለያዩበትን ቦታ እየጠቀሱ ይከራከሩ። የሞላውን ሠንጠረዥ ወደዚህ መጽሔት ቢልኩት፥ አዘጋጁ ቦታ እንደማይነፍገው ተስፋ አደርጋለሁ።